የረገፈ ቅጠል የት ይደርሳል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የማኅበራችን ጸሐፊ በአሶሳ ስላደረግሁት ጥናት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ጠፋብኝም ነገር እንድናገር ከተፈቀደልኝ እሺ አልሁት። እርሱም ፈቀደ፤ ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ይበልጡን ስለ ኪሳራዬ ነው።

የተነሣሁበት ጥያቄ ቀላል ነበረ። ዛፍ ከመሬት ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ይስባል። ቅጠሉን ከማራገፉ በፊት፣ ቆጣቢ ባለቤት ነውና፣ ከናይትሮጅኑና ከፎስፈረሱ ግማሽ ያህሉን ወደ ግንዱ መልሶ ያስገባል። የቀረው ከቅጠሉ ጋር ይወድቃል፣ በዝናብ ይበሰብሳል፣ ሥርም መልሶ ይጠጣዋል። ማንም ማዳበሪያ ሳይጥልለት ደን ለዘመናት የሚኖረው በዚህ ዑደት ነው።

የአሶሳ ዱር እንደ ጅማና እንደ ኢሉባቦር ደን ጥቅጥቅ ያለ አይደለም። አባሎና መሰሎቹ ተራርቀው ይቆማሉ፤ ከሥራቸው ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ በየመካከሉ ሽመል ይበቅላል። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ይዘጋል።

እኔም የዋንዛ፣ የአባሎና የሽመል ቅጠል አደረቅሁ፤ ሃያ ሃያ ግራም እየመዘንሁ ቀዳዳው 2 ሚሊሜትር በሆነ የናይለን መረብ ሰፍቼ፣ 90 ከረጢት በሰኔ ወር መሬት ላይ አኖርሁ። በየወሩ ጥቂት ከረጢት አንሥቼ እመዝናለሁ፤ የጐደለው በሰበሰ ማለት ነው። መጽሐፉ የሚለው ይህን ነበረ።

ክረምቱን ሥራው መልካም ሄደ። የዋንዛው ለስላሳ ቅጠል ቶሎ አለቀ፤ የሽመሉ ቅጠል፣ አሸዋ መሰል ሲሊካ ስላለበት፣ ብዙ ቆየ። በኅዳር ግን ከረጢቶቹ ተቀድደው፣ በቅጠሉ ፈንታ ዐፈር ሞልቶባቸው አገኘሁ። ምስጥ ነው። በየካቲት ደግሞ የሰደድ እሳት መጥቶ የቀሩትን ከረጢቶች አመድ አደረጋቸው።

ሠንጠረዤ ባዶ ቀረ። አንድ ጓደኛዬ «ከክረምቱ ቁጥር እያሰላህ ሙላው፤ ማን ያያል?» አለኝ። ጓደኞቼ፣ ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ በዚያች ሌሊት አራት መስመር በእርሳስ ሞላሁ።

በማግሥቱ ቦታውን ያሳዩኝ ወደነበሩት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዘንድ ሄድሁ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። «አባባ፣ እሳቱ ሥራዬን ፈጀው» አልኋቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ቅጠል የት ይሄዳል እያልህ ስትጠይቅ ከርመህ፣ ሲነድ ብታይ ጠፋብኝ ማለትህ ምንድን ነው? የኅዳር እሳት ሣር ይበላል፤ የየካቲት እሳት ዛፍ ይበላል። ይህን የተማርነው ከበርታ ጎረቤቶቻችን ነው።» ቀጥለውም ከፈረሰ ኩይሳ ላይ የዘሩትን ማሽላ አሳዩኝ፤ ከሌላው ማሳ ይልቅ ጠቁሮ ቆሞ የነበረው አገዳ ገና አልታጨደም ነበር።

ቤቴ ተመልሼ መጽሐፉን እንደ አዲስ አነበብሁ። በኅዳር ሣሩ ገና እርጥበት አለው፤ እሳቱም ቀዝቃዛ ነው፤ የዛፉም ቅጠል ገና አልረገፈም። በየካቲት ግን የዓመቱ ቅጠል ሁሉ ረግፎ፣ ደርቆ መሬት ላይ ተኝቷል። ናይትሮጅን በ200 ዲግሪ ገደማ መትነን ይጀምራል፤ ስለዚህ ከጢሱ ጋር ይሄዳል። ፎስፈረሱና ካልሲየሙ አብዛኛው በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ይሁን እንጂ የተራቆተ መሬት ላይ ያለ አመድ ነፋስ ይወስደዋል፣ የመጀመሪያውም ዝናብ ወደ ዳቡስ፣ ከዳቡስም ወደ ዐባይ ያወርደዋል። በጉባ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ በ2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ከተራራችን የሚታጠበው ደለል ብዙው የሚተኛው በዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው። ምስጡም ቅጠሉን አላጠፋውም፤ ወደ ኩይሳው ሰብስቦ አከማቸው እንጂ።

እንግዲህ በእርሳስ የሞላኋቸው አራት መስመሮች ቢቀሩ ኖሮ የአሶሳ ቅጠል በጸጥታ በስብሶ ወደ ሥሩ ተመለሰ ብዬ በመሰከርሁ ነበር። ይህም ሐሰት ነው። ደመሰስኋቸው፤ በቦታቸውም «ምስጥ» እና «እሳት» ብዬ ጻፍሁ። መርማሪዎቼ ብዙ ጠየቁኝ፤ ውጤቴም የተመኘሁትን ያህል አልሆነም። ነገር ግን የምመልሰው እውነት ነበረኝ።

ገበሬውን እሳት ለኰስህ ብለን ብቻ አንውቀሰው። ለከብቱ ለጋ ሣር ይፈልጋል፣ እባብም ይፈራል። የምንመክረው ነገር ካለ፣ ማቃጠል ግድ ከሆነ በጊዜ፣ በኅዳር ይሁን፤ በማሳና በዱር መካከልም የእሳት መከላከያ ጠረጋ ይኑር የሚለው ነው። ይህንንም ቢሆን እርሱ ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የእኛ ፋንታ ምክንያቱን መዝኖ ማስረዳት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ መስክ የምትወጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ባዶ የቀረ መስመር ቢገጥማችሁ አትሙሉት። ማን እንደ ወሰደው ጠይቁ።