ጎርፍ ያመጣውን ማን ያንሣ? ወጪውንስ ማን ይክፈል?

(በመስጂዳችን የምሥረታ መታሰቢያ ቀን በኢማሙ የተደረገ ንግግር)

  



ኮሚቴው በዚህ ቀን አንድ ቃል እንዳሰማ ሲያዘኝ፣ ስለ መስጂዳችን ታሪክ እናገራለሁ ብሎ የጠበቀ ሰው ሊኖር ይችላል። ታሪኩን ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት አባቶች አሉ፤ እነርሱ ይንገሩን። እኔ ልናገርበት የመረጥሁት ስለ ጭቃ ነው። ጭቃ ለመታሰቢያ ቀን የሚሆን ርእስ አይደለም የሚል ቢኖር ትንሽ ይታገሠኝ።

ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር፣ በዙህርና በዐስር መካከል፣ ሰማዩ ተቀደደ የሚያሰኝ ዝናም ወረደ። ነፋሱ የባሕር ዛፉን ቅርንጫፍ ገነጣጥሎ ከመንገድ ላይ ጣለው። ቦዩ ሞልቶ ውኃው በአጥራችን ሥር ገባ፤ የዉዱእ ማድረጊያው ቦታ ጉልበት በሚደርስ ጭቃ ተሞላ፤ ምንጣፋችንም ከፊሉ ተበላሸ። ውኃው ሲጎድል ያየነው ክምር ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ጣውላ፣ ድንጋይና አፈር ነበር። ወጣቶቻችን፣ አላህ ይመንዳቸው፣ አካፋና ባሬላ ይዘው እስከ መግሪብ ሠሩ። ግቢያችን ጸዳ። እኔም ከሶላት በኋላ ተነሥቼ አመሰገንኋቸው።

ጭቃውን የት እንዳደረስነው ግን አልጠየቅሁም። ወጣቶቹ ቀረብ ያለውን ቦታ መርጠው ከወንዙ አፋፍ ላይ ደፍተውት ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ዝናም መጣ፤ ያንን ክምር እንዳለ ጠርጎ ከእኛ በታች ወዳሉት ቤቶች አስገባው። በማግሥቱ ጠዋት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ከበራችን መጥተው ቆሙ። ምጣዳቸው ተሰብሯል፤ ዱቄታቸውም ረጥቧል። አልጮኹም። «ሼኽ፣ ግቢያችሁን ስታጸዱ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ ከታች መኖሬን ረሳችሁት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሚንበር ላይ ስለ ጎረቤት ሐቅ ስንት ጊዜ እንደተናገርሁ አላህ ያውቃል።

በኋላ ነገሩን ስንመረምር ሌላም ተገኘ። ቦዩን ከዘጋው አፈር ከፊሉ እኛው ለሚናራው መሠረት አስቆፍረን ከመንገድ ዳር የተውነው ነበር። የመስጂዱ ጣሪያ አሸንዳም ውኃውን የሚያወርደው በቀጥታ ወደ መንገዱ ነው። ከጎርፉ ጥቂቱ ከእኛ የወጣ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ጣሪያችን 400 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 12,000 ሊትር ውኃ ይወርዳል። ይህ በ200 ሊትር በርሜል 60 በርሜል ነው። ከአንድ ጣሪያ 60 በርሜል ከወረደ፣ ከሰፈሩ ጣሪያና ከአስፋልቱ ሁሉ የሚወርደውን አስቡት። ድሮ ሜዳውና ሣሩ የሚጠጣው ውኃ ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮና ሲሚንቶ አይጠጡም።

የከተማችንም አቀማመጥ አለ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይሆናል፤ በደቡብ የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ከላይ የዘነበው በከተማው መካከል ቁልቁል ወርዶ ወደ ደቡብ ይመጣል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ የምንኖር ሰዎች የላይኛው ሰፈር የጣለው ይደርሰናል፤ እኛ የጣልነው ደግሞ በትንሹ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። የአባ ሳሙኤል ግድብ ለከተማይቱ መብራት የሰጠ የጥንት ግድብ ሲሆን፣ በደለል ተሞልቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። እንዲህ ከሆነ ሁላችንም ለአንዱ የታች፣ ለሌላው የላይ ጎረቤት ነን ማለት ነው።

ነገሩ የጭቃ ብቻ አይደለም፤ የነፍስም ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። በራሳችን ከተማ በነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. የወረደው ጎርፍ ሰባት ሰዎችን ወሰደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬቱ ሲናድ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት ከሮጡት ብዙዎቹ ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። አላህ ለተጎዱት ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። ከዚህ የምንማረው አለ፤ ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም። ውኃው ሳይጎድል፣ አፋፉ ሳይረጋ፣ ወጣት አካፋ ይዞ እንዲገባ ማድረግ ኸይር ሥራ አይደለም። አደጋ ሲሆን አስቀድሞ ወደ 939 መደወል ይገባል።

ቆሻሻው ከሰፈር ከወጣ በኋላም አይጠፋም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ፣ ቆሼ በምንለው ቦታ፣ ከተማው ለ50 ዓመታት ያህል የጣለው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። በአገር ደረጃ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ያ ክምር የማንም አልነበረም፤ ስለዚህም የሁላችን ነበር። ከደጃችን አርቀን የጣልነው ሁሉ ከሌላው ሰው ደጃፍ ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ክርክሩ የነበረው እዚያ ላይ ነውና። ከእኒያ እናት ስሞታ በኋላ የመስጂዱ ኮሚቴ፣ የዕድሩ ዳኞችና የታችኛው ሰፈር ሰዎች አንድ ላይ ተቀመጥን። ጭቃው ከታች ካሉት ቤቶችና ከወንዙ አፋፍ ተነሥቶ በመኪና ወደ ተፈቀደ መድፊያ መሄድ አለበት። ለመኪና ኪራይ፣ ለጉልበት ሠራተኛ፣ ለአካፋና ለቦቲ ጫማ ገንዘብ ያስፈልጋል። ማን ይክፈል? በዚያ ስብሰባ ሦስት ሐሳቦች ተነሡ፤ ሦስቱንም ልንገራችሁ።

አንደኛው ወንድም፣ «የጽዳት እኮ ከውኃ ሒሳብ ጋር እየከፈልን ኖረናል፤ ለምን ሁለት ጊዜ እንከፍላለን?» አለ። ነገሩ እውነትነት አለው። ሆኖም ያ ክፍያ የሚሸፍነው በማኅበር የተደራጁት እናቶችና ወጣቶች ከቤት ለቤት በማዳበሪያ የሚሰበስቡትን ነው። ለእነርሱም ሲከፈላቸው የኖረው በሜትር ኪዩብ እየተለካ ነው። የጎርፍ ጭቃ በማዳበሪያ ተሞልቶ የሚወጣ ነገር አይደለም። አንድ ሜትር ኪዩብ እርጥብ ጭቃ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፤ አንዱ ባሬላ 40 ሊትር ቢይዝ 25 ምልልስ ይጠይቃል። የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ክረምት ሳይገባ የዋና መንገዶችን ፍሳሽ መስመር ያስጠርጋል፤ የእኛን ዓይነት የውስጥ ለውስጥ ቦይ ግን ክረምቱ ሊቀድመው ይችላል። መንግሥት ድርሻውን እንዲወጣ መጠየቅ መብታችን ነው፤ በደብዳቤም ለወረዳው ጠየቅን። ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ ግን ጭቃው ከእኒያ እናት ቤት ውስጥ ተኝቶ ሊጠብቅ አይገባም።

ሁለተኛው ወንድም፣ «ከዘካው ሣጥን ይከፈል» አለ። እዚህ ላይ ኢማምነቴ ግድ አለኝ። ዘካ ባለቤቶቹ በቁርኣን ተቈጥረው የታወቁ ስምንት ወገኖች ናቸው። አብዛኞቹ ዑለማ ቦይ መጥረግንና መንገድ ማበጀትን ከእነዚህ ውስጥ አያስገቡም። ነገር ግን ከስምንቱ አንዱ ባለዕዳዎች ናቸው፤ ከታቢዒዮች መካከል ታላቁ የተፍሲር ሊቅ ሙጃሂድ ባለዕዳዎችን ሲያብራሩ፣ ጎርፍ ሀብቱን የወሰደበትን ሰው ከእነርሱ ቈጥረውታል። እንግዲህ ዘካችን ለመኪና ኪራይ አይሆንም፤ ንብረቱ ለተወሰደበት ድኻ ሙስሊም ግን ይሆናል። ለሌላው እምነት ጎረቤታችን ደግሞ የሰደቃ በር ሰፊ ነው። የእኒያ እናት ምጣድና ዱቄት የተተካው በሰደቃ ነው። እርሱንም ሰደቃ ማለቴ አንደበቴን ይከብደዋል፤ እኛ ላደረስነው ጉዳት የከፈልነው ካሣ ነበርና።

ሦስተኛው፣ «ወጣቶቹ ለአላህ ብለው ይሥሩ፤ ገንዘብ ለምን ያስፈልጋል?» አለ። ከመንገድ ላይ የሚያሰናክለውን ነገር ማንሣት የኢማን ቅርንጫፍ እንደሆነ ተምረናል፤ ምንዳው ትልቅ ነው። ነገር ግን ያን ቀን አካፋ የያዙት እነማን ነበሩ? የቀን ሠራተኞች፣ ሊስትሮዎች፣ የታክሲ ረዳቶች ናቸው። አንድ ቀን ከዋሉ የቀን ገቢያቸው ቀረ፤ ያን ቀን ቤታቸው አይበላም። ባለ ሱቁና ባለ ፎቁ ግን በመስኮት ሲያዩ ነበር። ይህ ሰደቃ ከሆነ የድኻው ብቻ ሰደቃ ሆነ። የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ መክፈልን ያስተማሩን ነቢያችን ናቸው። ከራሱ ፈልጎ በነጻ የሚሠራ አላህ ይቀበለው፤ ነጻ ሥራን በሌላው ሰው ትከሻ ላይ የሚጭን ግን በሰው ኪስ እየመጸወተ ነው።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነበር። ወጪው በሦስት ተከፈለ። አንዱን እጅ መስጂዱ ከግንባታው መዋጮ ሳይሆን ለዚሁ ተብሎ በጁሙዓ ከተሰበሰበ ሰደቃ ከፈለ፤ አፈሩ የእኛ ነበርና። ሁለተኛውን እጅ ዕድሩ ከፈለ። ሦስተኛውን ከመንገዱ ዳር ሱቅና መጋዘን ያላቸው ሰዎች አዋጡ። ገቢና ወጪው በወረቀት ተጽፎ በመስጂዱም፣ በዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫ በርም ተለጠፈ። ስለ ጭቃ ሲጨቃጨቅ የነበረው ሰፈር ያንን ወረቀት ካነበበ በኋላ ዝም አለ። ገንዘቡ የት እንደዋለ ያየ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ለመስጠት እጁ አይከብደውም። ሥራውም በሁለት ቀን አለቀ፤ ከላይኛውም ከታችኛውም ሰፈር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ጫነ።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤ በዚህ የመታሰቢያ ቀን ብዙ ምስጋና ይነገራል፤ የሚገባም ነው። ሚናራችን ከሩቅ ይታያል። እኔ የምለምናችሁ ከሩቅ ለማይታዩ ሦስት ነገሮች ነው።

አንደኛ፣ በየዓመቱ ግንቦት ሳያልቅ ቦያችንን እንጥረግ። ደረቁን አፈር ማንሣት እርጥቡን ከማንሣት በክብደትም በዋጋም ይቀላል። የተጠረገው ከቦዩ ዳር እንዳይተው፤ ያው ዝናም መልሶ ያስገባዋልና።

ሁለተኛ፣ ከግንባታው ሒሳብ የተለየ «የክረምት ሣጥን» ይኑረን፤ ቁልፉ አንዱ በኮሚቴው፣ አንዱ በዕድሩ እጅ ይሁን። ጎርፍ ከመጣ በኋላ መለመን ያለ ነው፤ ግን የተደናገጠ ሰው አንድም አብዝቶ ይሰጣል፣ አንድም ጨርሶ አይሰጥም። በዓመቱ ውስጥ በትንሽ በትንሹ የተጠራቀመ ገንዘብ ይሻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ጭምር ነው።

ሦስተኛ፣ የጣሪያችንን አሸንዳ ውኃ በበርሜልና በጉድጓድ እንያዘው፤ ለዉዱእ ቦታው ማጠቢያ፣ ለችግኙም ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮም አንድም አካፋ አፈር ከግቢያችን ሲወጣ፣ የት እንደሚያርፍ ሳይታወቅ አይውጣ።

እኒያ እናት ዛሬ ከእንግዶቻችን መካከል ተቀምጠዋል። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለ ጠየቁኝ አልጠራም። ለዛሬው ዝግጅት እንጀራውን የጋገሩት እርሳቸው ናቸው፤ ዋጋውንም ትናንት ከፍለናል። ለጠየቁኝ ጥያቄ ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ዛሬ በእናንተ ፊት እመልሳለሁ፦ አዎን፣ ረስተን ነበር። ዳግመኛ እንዳንረሳ አላህ ይርዳን።

ያ አላህ፣ ዝናምህን የራሕመት አድርግልን፤ የጥፋት አታድርግብን። ለጎረቤቶቻችን የጉዳት ምክንያት ከመሆን ጠብቀን። አገራችንን ሰላም አድርግልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።