ሥዕልና ጀበና
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 የመረጥነው ጉዳይ በየቤታችን ጓዳ የሚገኝ ነው፤ ይኸውም በሥነ ጥበብና በንድፍ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሥነ ጥበብ ሰው ያየውንና የተሰማውን ለሌላው ሰው ዓይንና ልብ የሚያቀርብበት ሥራ ነው። ንድፍ ደግሞ አንድ ዕቃ ለታሰበለት አገልግሎት እንዲመች ቅርጹንና መጠኑን አስቀድሞ ማሰብ ነው። በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ የባለ ቀለም መስተዋት ሥዕል አለ፤ ስፋቱም 150 ካሬ ሜትር ነው። በፊቱ የሚቆም ሰው ስለ አፍሪካ መከራና ተስፋ ያስባል እንጂ፣ «ይህ ለምን ሥራ ያገለግላል?» ብሎ አይጠይቅም።

ጀበናን ግን እንዲህ ብለን እንጠይቀዋለን፤ እርሱም ይመልስልናል። ሆዱ የሰፋው እሳቱ በደንብ እንዲያገኘው ነው፤ አንገቱ የጠበበው ሲቀዳ አተላው እንዳይከተል ነው። ቂጡ ድቡልቡል ስለሆነም ማቶት ተበጀለት። በርጩማም እንዲሁ ነው። ሦስት ነጥቦች ምን ጊዜም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ እንደሚያርፉ በጂኦሜትሪ ተምረናል፤ ጠራቢው ግን ይህን ቀድሞ ስላወቀ፣ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። የከተማችንን ስም ይዞ የሚዞረው የአምቦ ውሃ ጠርሙስም ጋዙን አፍኖ የሚይዘው መስተዋቱ ወፍራም፣ ቆርኪውም ጠባቂ ስለሆነ ነው።

ሁለቱ የሚገናኙበትም ዕቃ አለ። ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፋው መሶብ ክዳኑ እንጀራውን ከመድረቅ ይጠብቃል፤ ይህ ንድፍ ነው። የቀለሙ ጌጥ ግን ለእንጀራው ምንም አይጨምርለትም፤ የሰፊዋን ልብ ያሳያል እንጂ። በሐረር ከተማ ቤቶች ውስጥ ስፌቶቹ ለጌጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ በዚያን ጊዜ እንደ ሥዕል ይታያሉ።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ተረቱ ስለ ጣዕም እውነት ነው፤ ስለ ማገዶ ግን አይደለም። በ1980ዎቹ የወጣው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ምጣዱን (በኦሮምኛ ኤሌ የምንለውን) ዙሪያውን ከልሎ እሳቱ እንዳይባክን ያደርጋል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። እንጀራው ያው እንጀራ ነው፤ እንጨት ተሸክመው ዳገት ለሚወጡት እናቶቻችን ግን ሸክሙ ቀለለ።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ከሆነ፣ ስለ ምን የክብር ልዩነት አደረግነው? ሠዓሊው ስሙን ከሥዕሉ ግርጌ ይጽፋል፤ እናከብረዋለንም፤ ይገባዋልም። ጀበናውን የሠራችው ሴት ግን ስሟ አይታወቅም። ይባስ ብሎ በአገራችን ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በስድብ ስም መጥራት፣ ከእነርሱም ጋር መጋባትን መጸየፍ የቆየ ልማድ ነበር፤ ቅሬታውም ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። በእጃቸው በሠሩት ጀበና ቡና እየጠጣን እነርሱን መናቅ ምን ዓይነት ዕውቀት ነው? የተማረ ሰው ከዚህ ካልጸዳ ትምህርቱ ለምን ይጠቅመዋል?

በ1919 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር፣ በቫይማር ከተማ፣ ዋልተር ግሮፒየስ ባውሃውስ የሚባል ትምህርት ቤት መሥርቶ ሠዓሊውንና ባለ እጁን በአንድ ጣራ ሥር አገናኝቷል። እኛም ይህን ያህል ባንችል ጥቂት ማድረግ አያቅተንም።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ሥዕል ሲሰቀል፣ ከጎኑ ከአምቦ፣ ከጉደርና ከጊንጪ ገበያ የተገዛ ጀበና፣ ምጣድና መሶብ ይቀመጥ፤ የሠሪውም ስም ተጠይቆ ይጻፍበት። ወላጆቻችንም ገበያ ስትወርዱ ከዋጋው በፊት ስማቸውን ጠይቁልን። እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ወደየሥራችን ስንሄድ፣ ታናናሾቻችን ይህን ዝርዝር እንዲቀጥሉት አደራ እንላለን።