እንስቷ ዓሣ ባሏን እንዴት ትመርጣለች?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ዓሣ ጋብቻ እናገራለሁ ብል አንዳንዶቻችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡኝ፥ ጣት በምታህል ፍጥረት ዘንድ ትልቅ ቁም ነገር እንዳለ ትረዱታላችሁ።

በኤውሮፓ ወንዞች፣ ሐይቆችና የባሕር ዳርቻዎች ስቲክልባክ የሚባል፥ በጀርባው ሦስት እሾህ ያለው ትንሽ ዓሣ ይኖራል። የመራቢያው ወራት ሲደርስ የወንዱ ጉሮሮ እንደ በርበሬ ይቀላል፤ ከኩላሊቱ በሚወጣ ሙጫም የውሃ ሣር እያጣበቀ ጎጆ ይሠራል። እንስቷ ዕንቁላሏን በጎጆው ጥላ ትሄዳለች፤ ዕንቁላሉን የሚጠብቀው፥ በክንፉም ውሃ የሚያራግብለት አባትዬው ነው። እንግዲህ የእርስዋ ታላቅ ሥራ ምርጫው ነው። በዚህ ከተሳሳተች ጉዳቱ የሚደርሰው በልጆቿ ላይ ነው።

ታዲያ በምን ትመርጣለች? መጀመሪያ በዓይኗ ነው። ሚሊንስኪና ባከር የተባሉ ሊቃውንት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. እንዳስረዱት፥ ጥገኛ ተውሳክ የያዘው ወንድ ቅላቱ ይደበዝዛል፤ እንስቷም ደማቁን ትመርጣለች። በአረንጓዴ ብርሃን ቅላቱ እንዳይታይ ሲደረግ ግን ምርጫዋ ጠፋ።

ሁለተኛው መምረጫዋ አፍንጫዋ ነው፤ እጅግ የሚያስደንቀውም ይህ ነው። ዓሣው የበሽታን ምልክት የሚለዩ ጂኖችን ከእናቱና ከአባቱ ይወርሳል። የጂኖቹ ዓይነት ካነሰ ብዙ በሽታ ሳይታወቅ ያልፋል። ከመጠን በላይ ከበዛ ደግሞ፥ ሊቃውንት እንደሚያስቡት፥ የሰውነቱ ዘበኞች የገዛ አካሉን እንዳይወጉ ብዙዎቹ ስለሚወገዱ መከላከያው ይሳሳል። በ2003 ዓ.ም. በወጣ ጥናትም ተውሳክን አብልጠው የተቋቋሙት መካከለኛ ቁጥር ያላቸው ዓሦች ሆነው ተገኙ።

እንስቷም ይህን ያወቀች ትመስላለች። በ2005 ዓ.ም. ሚሊንስኪና ጓደኞቹ ከወንዱ ገንዳ በተቀዳ ውሃ ላይ የእነዚህን ጂኖች ጠረን የሚመስል ፔፕታይድ የተባለ ንጥረ ነገር ጨመሩ። የእርስዋና የወንዱ ጂኖች ተደምረው የሚያንሱ በሆነ ጊዜ፥ የተጨመረበትን ውሃ ወደደችው። ድምሩ ከልክ ያለፈ በሆነ ጊዜ ግን ያንኑ ሸሸችው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ በክፍላችን አንደኛ የወጣው ለሁሉ አንደኛ ነው ብለን ለምደናል። በስቲክልባክ ዘንድ ግን ለአንዲቱ የበዛው ለሌላይቱ ልክ ነው። አክንባሎ ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ ምጣድ አይገጥምም፤ ለምጣዱ የሚሆነው በልኩ የተሠራው ነው። ይህን ስል ለሰው ጋብቻ ሕግ ማውጣቴ አይደለም፤ የምናገረው ስለ ዓሣ ነው።

ነገር ግን ስለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በባልቲክ ባሕር ከእርሻ ማዳበሪያ የተነሣ አልጌ በዝቶ ውሃው ሲደፈርስ፥ እንስቷ በዓይኗ የምታደርገው ምርጫ እንደሚዳከም ተመራማሪዎች ተመልክተዋል። ስለዚህ ውሃን የሚያደፈርስ ሰው ዓሣዎቹን በቀጥታ ባይገድልም እንኳ፥ እናቲቱ ለልጆቿ ጤና የምታደርገውን ምርጫ ይነሣታል። ነገ መሐንዲስ፣ ገበሬ ወይም ሐኪም የምንሆን ሁላችን ይህን እንድናስብ አደራ እላለሁ።