ስለ ፊት ቆዳ አያያዝ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተነሡት ጓደኞቼ ስለ አገር ታሪክና ስለ ትምህርት ጥቅም ተናግረዋል። እኔ ደግሞ ስለ ፊት ቆዳ እናገራለሁ ብል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ ዐውቃለሁ። ፈገግ በሉ፤ አልቀየምም። ነገር ግን ዛሬ ጧት መስታወት ፊት ቆሞ ግንባሩን ያልነካካ ተማሪ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። አንድም እጅ አላየሁም።

ለበዓሉ መታሰቢያ መጽሐፍ የክፍላችን ፎቶግራፍ በተነሣ ጊዜ አንዲት ጓደኛችን «ራሴን አሞኛል» ብላ ከመኝታ ቤት ሳትወጣ ቀረች። ራሷን አላመማትም ነበር፤ ያሳመማት ፊቷ ነው። ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። እርሷም ከመካከላችሁ ተቀምጣለች፤ ዞር ዞር እያላችሁ ግን አትፈልጓት። ወደ እርሷ ነገር ከመድረሴ በፊት የራሴን ሞኝነት ልናዘዝ።

ባለፈው ዓመት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ጉንጬና ግንባሬ በብጉር ተሞልቶ ነበር። በስልክ ያየሁት አንድ ቪዲዮ ሎሚና ስኳር ቀላቅሎ ፊትን መፈግፈግ ብጉርን ከነሥሩ ይነቅላል ይላል። እኔም አመንሁ። አንድ ቅዳሜ ጧት እስኪቀላ ድረስ ፈገፈግሁና ከጓደኞቼ ጋር ወደ ስፖርት ሜዳ ወጣሁ። ሲመሽ ጉንጮቼ በርበሬ እንደ ነካቸው ይለበልቡኝ ጀመር፤ በ3ኛው ቀን ጠቈሩ፤ ጥቁረቱም ሳይለቀኝ 5 ወር ቆየ። ለዕረፍት ቤት በገባሁ ጊዜ እናቴ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝና «አንቺ ልጅ፥ ፊት ድስት ነው እንዴ እንዲህ የሚፈተገው?» አለችኝ። እናቴ ዛሬ እዚያ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። በዚያ ነገር ትክክል ነበረች፤ በሌላ ነገር ግን ቈይቼ እከራከራታለሁ።

ከዕረፍት ስመለስ ወደ ኬሚስትሪ መምህራችን ሄጄ፥ «ሎሚ የተፈጥሮ ፍሬ አይደለምን? ለምን አቃጠለኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም መልስ በመስጠት ፈንታ የፒ ኤች መለኪያ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝና «ለኪው» አሉኝ። ሎሚው 2 ሆነ። ከወጥ ቤት ያመጣሁት እርጎ ከ4 ጥቂት ከፍ አለ። ብዙዎቻችን ፊታችንን የምንታጠብበት የልብስ ሳሙና ግን 10 ደረሰ። የሰው ቆዳ ራሱ በጥቂቱ ኮምጣጣ ነው፤ 5 ያህል ነው። ይህንንም በ1928 ሻዴና ማርኪዮኒኒ የተባሉ የጀርመን አገር ሊቃውንት ቆዳን እንደሚሸፍን የአሲድ መጐናጸፊያ አድርገው ገልጸውታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምናገረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በዚህ መለኪያ አንዱ ደረጃ 10 እጥፍ ስለ ሆነ፥ ከ5 ወደ 2 መውረድ ማለት 1000 ጊዜ የበለጠ ኮምጣጣ መሆን ማለት ነው። እኔ በጉንጬ ላይ ያደረግሁት ይህንን ነበር። ከዚህም በቀር በሎሚ ውስጥ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ።

እንግዲህ ቆዳ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ላስረዳ። በፊታችን ላይ የምናየው የላይኛው ክፍል ሕይወት የሌለው ነው፤ 15 ያህል ጊዜ የተደራረቡ የሞቱ ሕዋሳት ናቸው፤ በመካከላቸውም ስብ አለ። እንደ ጎጆ ቤት ክዳን አድርጋችሁ አስቡት። ሣሩ የደረቀ ነው፤ ነገር ግን ዝናቡን የሚከለክለው እርሱ ነው። ከሥር አዲስ ሕዋስ እየተወለደ ወደ ላይ ይወጣል፥ አሮጌውም ሳይታወቀን ይረግፋል፤ ይህም በወጣት ሰው 4 ሳምንት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ «የሞተ ቆዳ ነውና ልፈግፍገው» የሚል ሰው፥ የቤቴ ክዳን ደርቋልና ልንቀለው እንደሚል ሰው ነው።

ብጉር የሚመጣው እንዲህ ነው። በእኛ ዕድሜ ሰውነት ወዝ ያበዛል። መርገፍ የሚገባው አሮጌ ሕዋስ በቆዳው ቀዳዳ አፍ ላይ ይጣበቅና ወዙን ይደፍነዋል፤ በተዘጋው ቀዳዳ ውስጥም ባክቴሪያ ይራባል፤ ከዚያ ያብጣል፥ መግልም ይይዛል። ስለዚህ ብጉር የወጣበትን ልጅ «ፊቱን የማይታጠብ» እያሉ መሳቅ ሐሰት መናገር ነው። አንዳንዱማ ከመጠን በላይ ስለሚታጠብ ነው የሚብስበት።

አሁን ወደ አሲዶቹ ልምጣ። አሲድ የሚለውን ቃል ስንሰማ የመኪና ባትሪ ትዝ ይለናል፤ እኔ የምናገርለት ግን ሌላ ነው። ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለ የስዊድን አገር መድኃኒት ቀማሚ በ1780 ከኮመጠጠ ወተት ላክቲክ አሲድን ለይቶ አወጣ። ግላይኮሊክ አሲድ በሸንኮራ አገዳ ውስጥ ይገኛል። ሳሊሲሊክ አሲድ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከአኻያ ዛፍ የላቲን ስም ነው። እነዚህ በመጠኑ ሲሆኑ የሞቱትን ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ያጣበቃቸውን ማያያዣ ያላላሉ፤ መፈግፈግ ሳያስፈልግ አሮጌው በራሱ ጊዜ ይረግፋል። በ1974 ቫን ስኮትና ዩ የተባሉ በአሜሪካ አገር የሚሠሩ 2 ሊቃውንት ግላይኮሊክንና ላክቲክን የመሰሉትን አሲዶች ለቆዳ ሕክምና አስተዋወቁ። የሞከሩትም ለቁንጅና ሳይሆን ቆዳቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ለሚሆንባቸው በሽተኞች ነበር። ይህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ነገሩ የቅንጦት ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

የትኛው ለማን ይሆናል ብትሉ፥ ሳሊሲሊክ አሲድ በስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ወዝ ወደ ሞላበት ቀዳዳ ይገባል፤ ስለዚህ ወዛምና ብጉራም ለሆነ ፊት ይስማማል። በሐኪም ወረቀት ሳይታዘዝ የሚሸጠው ከ0.5 እስከ 2 ከመቶ ያለው ነው። አስፕሪን የማይስማማው ሰው ግን አይንካው። ላክቲክና ግላይኮሊክ በውሃ የሚሟሙ ናቸው፤ ለደረቀና ለሻከረ ፊት ይሻላሉ፤ ከ2ቱ ላክቲክ ለስለስ ያለው ነው። የመዋቢያ ዕቃዎችን ደኅንነት የሚመረምሩ የአሜሪካ ባለሙያዎች በቤት ለሚደረገው ከ10 ከመቶ እንዳይበልጥ፥ ፒ ኤቹም ከ3.5 እንዳያንስ ወስነዋል። የእኔን ሎሚ እዚህ ላይ አስታውሱት። እርጎ መቀባትስ? ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ ዐውቃለሁ። ያለው ላክቲክ አሲድ ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ አይጠቅምም፤ እርጎውን ብትበሉት ይሻላል።

አሲድ የሚቀባ ሰው ማታ ይቀባ፤ መጀመሪያ በሳምንት 2 ቀን ብቻ፤ የአተር ፍሬ የምታህል ለመላው ፊት ትበቃለች። ጥቂት ቢጠዘጥዝ ግድ የለም፤ ቢያቃጥል ግን ታጥቦ መተው ነው። በቆሰለ ቦታ ላይ አይደረግም። ደግሞም ቆዳ በ4 ሳምንት የሚታደስ ከሆነ በ3 ቀን ለውጥ መፈለግ ምን ይባላል? ከ8 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ በየጧቱ መስታወት አይ ነበር፤ በመጨረሻ የመኝታ ቤት ጓደኛዬ መስታወቱን ደበቀችብኝ።

ያው ሼሌ ግሊሰሪንን ደግሞ ከወይራ ዘይት አገኘ። አንድ ሰው ሁለቱንም፥ አሮጌውን የሚያረግፈውንና አዲሱን የሚያለሰልሰውን ማግኘቱ ይገርመኛል። አሲድ ያለ ማለስለሻ ጣራ ነቅሎ ሳይከድኑ መሄድ ነው። ግሊሰሪን ውሃ ወደ ቆዳ ይስባል፤ ብቻውን በደረቅ ፊት ላይ በበጋ ከተቀባ ግን ውሃውን ከውስጥ ስቦ ያወጣና ፊትን ይበልጥ ያደርቃል። ስለዚህ 2 ወይም 3 ጠብታ በእርጥብ መዳፍ አሽቶ በእርጥብ ፊት መቀባት ነው። ከእኛ መካከል ከትምህርት ቤት በፊት እናቱ ፊቱን በቫዝሊን ያላበሰችው ማን አለ? ቫዝሊን በ1872 ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ ፓተንት ያወጣበት ነው። ቫዝሊን ራሱ ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ውሃ እንዳይተን ይዘጋል። እንግዲህ እናቶቻችን ሳይደርቅ በታጠበ ፊታችን ላይ ሲቀቡን ዛሬ በመጽሐፍ የተጻፈውን ያደርጉ ነበር።

አሁን ክርክሩ ደረሰ። በበዓል ዋዜማ እናቴ ጠጕሬን ቅቤ ትቀባኛለች፤ በበዓል ማግስት ደግሞ ግንባሬ ላይ ብጉር ይፈነዳል። በ1970 የአሜሪካ ሐኪሞች ጠጕራቸውን ቅባት በሚያበዙ ሰዎች ግንባር ላይ የሚወጣውን ብጉር ለይተው ጽፈዋል፤ የሚወርደው ቅባት ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ነው። ቅቤ ለጠጕር ክፉ ነው አላልሁም። እናቴ ግን ሻሹን ከግንባሬ በላይ እንድታስረው፥ ቅቤውም በቀለጠ ጊዜ ግንባሬን እንድታጠብ እንድትፈቅድልኝ በእናንተ ፊት እለምናታለሁ። እየሳቀች ነው፤ እንደ ፈቀደች እቆጥረዋለሁ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። እርሷም ብጉር ነበረባት፤ ብጉሩም ሲድን ጥቁር ነጠብጣብ ይተውባት ነበር። እንደኛ ያለ ጠይም ቆዳ ቁስል ወይም እብጠት ከነካው በኋላ ጥቁር ምልክት ይይዛል፤ በጊዜ ብዛት ግን ይጠፋል። እርሷ ጊዜውን መጠበቅ አቃታት። ከአንድ ሱቅ ጽሕፈት በሌለው ትንሽ ዕቃ የሚሸጥ ፊት የሚያቀላ ቅባት ገዛች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ብጉሩ ጠፋ፥ ፊቷም ፈካ። እኛም ቀናንባት፤ እውነቱን ልናገር፥ እኔም የሱቁን ቦታ ጠይቄያት ነበር። ከ2 ወር በኋላ ፊቷ እንደ ወረቀት ሳሳ፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ታዩ፤ ፀሐይ ሲነካት ትቀላለች፤ ቅባቱንም በተወች ጊዜ ብጉሩ ከቀድሞው በርትቶ ተመለሰ። ፎቶግራፉ የተነሣው በዚያ ሳምንት ነበር።

የቆዳ ሐኪም ዐይቷት በቅባቱ ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት መኖሩን ነገራት። ይህ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ቀን ሲደረግ የሚፈውስ ነው፤ ፊትን ለማቅላት በየቀኑ ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል። ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ቃል በቅባታችሁ ላይ ካነበባችሁና ሐኪም ካላዘዘላችሁ፥ አትጀምሩ፤ ጀምራችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሌሎች የሚያቀሉ ቅባቶች ሜርኩሪ አለባቸው፤ እርሱም በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጐዳል። ስለዚህ ነው በ2013 በጃፓን አገር በተፈረመው የሚናማታ ስምምነት መንግሥታት እንደዚህ ያሉትን ለማገድ የተስማሙት። ጽሕፈት የሌለው ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ የሸጠውም ሰው ላያውቅ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የከፋብኝ ግን ሌላ ነው። ጓደኛዬ ቅባቱን የገዛችው ለብጉሩ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን በምግብ አዳራሽ «ጠቈርሽ» ብለዋት ነበር። ያሏት እኛው ነን። ስለዚህ ነገር ኬሚስትሪ መድኃኒት የለውም።

ስለ ፀሐይ አንድ ቃል ልጨምር። ከባሕር ወለል በ1000 ሜትር ከፍ ባልን ቍጥር ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይዋ ደካማ ትመስለናለች። ግላይኮሊክ ወይም ላክቲክ አሲድ የተቀባ ፊት፥ አሲዱ ከተቋረጠ በኋላም እስከ 1 ሳምንት ድረስ፥ ፀሐይ ቶሎ ትጐዳዋለች። ቍጥሩ 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያለው ሰው በየጧቱ ይቀባ፤ የሌለው በባርኔጣና በእናቱ ጃንጥላ ይጠለል። ወንዶች ጃንጥላ ያሳፍረናል ካላችሁ በዛፍ ጥላ ተቀመጡ።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ሁሉ የምንገዛበት ገንዘብ ከወዴት ይመጣል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬው ነበር። ገንዘብ ካጠራችሁ አሲዱን ተዉት። የልብስ ሳሙናውን ከፊታችሁ አርቁ፥ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማታና ጧት ታጠቡ፥ ፊታችሁ ሳይደርቅ ግሊሰሪኑን ወይም ቫዝሊኑን ቀቡት፥ ብጉራችሁን አታፍርጡ። ብጉሩ ጠባሳ የሚተው ከሆነ ግን የሐኪም ጕዳይ ነውና አትዘግዩ።

ጓደኛዬ አሁን ደኅና ናት፤ ከ6 ወር በኋላ ማለት ነው። የምትቀባው ተራ ማለስለሻ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ የክፍላችንም ልጆች ሁሉ በባንዲራው ምሰሶ አጠገብ በ9 ሰዓት እንድንገናኝ ተስማምተናል። ከዚያ በፊት በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ የፒ ኤች ወረቀት አስቀምጠናል። የምትታጠቡበትን ሳሙናና የምትቀቡትን ቅባት ይዛችሁ ኑ፤ ወላጆችም ጭምር። እኔና 2 ጓደኞቼ እዚያ ቆመን እንለካላችኋለን፥ በዕቃው ላይ የተጻፈውንም አብረን እናነባለን።