ከማሞቂያው ጎን የእናቲቱ ቦታ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለአገር ቤቱ ሆስፒታላችን የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ምን እንደምንልክ ከመወሰናችን በፊት፣ ከሙያዬ አንጻር ሐሳብ እንድሰጥ ኮሚቴው ጋብዞኛል። እንደምታውቁት እዚህ አሜሪካ በነርስነት ተመርቄ የምሠራው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ነው። በቀረበልን ዕቅድ ላይ የሰፈረው የሕፃናት ማሞቂያ ማሽን ብቻ ነው። ማሽኑን እደግፋለሁ። አጠገቡ ግን ለእናቲቱ ቦታ ካልተዘጋጀ ሥራው ግማሽ ይሆናል። ምክንያቱን ላስረዳ።

ያለጊዜው ተወለደ የሚባለው 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ነው። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 10 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ይወለዳል። በማህፀን ጨለማና ሙቀት ውስጥ መቆየት ሲገባው፣ ደማቅ መብራት፣ የማሽን ጩኸት፣ መርፌና ፕላስተር ይቀበሉታል። በቀድሞው ጊዜ ጨቅላ ሕመም አይሰማውም ብለው የሚያስቡ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። ከ1980ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ይህ እንዳልሆነ አረጋገጡ። ካናዳዊቷ ነርስ ተመራማሪ ቦኒ ስቲቨንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 የእነዚህን ሕፃናት ሕመም መመዘኛ አሳተሙ፤ የፊታቸው መጨማደድ፣ የልብ ምታቸውና የኦክስጅን መጠናቸው እየታየ ነጥብ ይሰጣል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሃይደሊዝ አልስ ደግሞ ሕፃኑ በአካሉ እንደሚናገር አስተማሩን። ጣቶቹን ሲበትን፣ ጀርባውን ሲለጥጥ፣ ስቅታ ሲይዘው፣ ሲያዛጋ ወይም መልኩ ሲለዋወጥ “በዛብኝ” እያለን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መብራት እንቀንሳለን፣ በዝግታ እንነጋገራለን፣ መርፌ ሲወጋ እጅና እግሩን ሰብሰብ አድርገን እንይዘዋለን። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1997 የክፍሉ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል፤ ይህ ሰዎች በተለመደው ድምፅ ሲያወሩ ከሚሰማው ያነሰ ነው።

ወደ ወላጆቹ ልምጣ። አሜሪካዊቷ ነርስ ተመራማሪ ማርጋሬት ማይልስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1993 የወላጆችን ጭንቀት የሚለካ መጠይቅ አሳትመዋል። መጠይቁ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል፦ የክፍሉን እይታና ድምፅ፣ የሕፃኑን መልክና ሁኔታ፣ እንዲሁም ወላጅ የወላጅነት ድርሻውን መወጣት አለመቻሉን። ብዙ ሰው የሚያስጨንቀው ማሽኑ ነው ብሎ ይገምታል። በዚህ መጠይቅ በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ከፍ ብሎ የሚገኘው ግን ሦስተኛው ነው። ከልጅ መለየት፣ ማቀፍ አለመቻል፣ ሲያመው ቆሞ ማየት።

ይህን በወገኖቻችን ላይ አየዋለሁ። የእኛ እናት ማሞቂያው አጠገብ እጇን አጣጥፋ ትቆማለች። ካላነጋገሯት አትጠይቅም። አንዷን “ልጅሽን መንካት ትችያለሽ እኮ” ብላት፣ “ይፈቀዳል እንዴ?” አለችኝ። ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነበር። አባትየው ሥራውን እንዳያጣ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ይሮጣል። ቤት ያሉት አራስ እንዴት ትወጣለች ይላሉ። ወዳጅ ዘመድም የሕፃኑ ነገር እስኪታወቅ ብሎ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ለማለት ይፈራል። እሷ ግን ከዝምታው የምትረዳው እንደ እናት እንዳልተቆጠረች ነው። እባካችሁ በሏት፤ ወልዳለች። ገንፎውን ሆስፒታል ድረስ ውሰዱላት፣ ትልልቆቹን ልጆች ጠብቁላት፣ በመኪና አድርሷት።

እናቲቱን ወደ ልጇ ማቅረብ ለሕፃኑም ሕክምና ነው። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ማሞቂያ ማሽን አልበቃ ሲል፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ እናቶች ጨቅሎቻቸውን ደረታቸው ላይ ገላ ለገላ አድርገው እንዲይዙ አደረጉ። የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ይህ ነው። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር በአዲስ አበባ 123 አነስተኛ ክብደት ያላቸውን ሕፃናት አጥንተው ውጤቱን በ2005 አሳትመዋል። በተለመደው መንገድ ከታከሙት ከ100 38ቱ ሲሞቱ፣ በእናታቸው ደረት ላይ በጊዜ ከተቀመጡት የሞቱት 22.5 ነበሩ። በ2021 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ያካሄደው ጥናት ታተመ። ክብደታቸው ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ ገደማ የሆኑ ሕፃናት እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ እንደተወለዱ ደረት ላይ ሲደረጉ፣ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 12 በመቶ ነበሩ፤ ከተረጋጉ በኋላ ከተጀመረላቸው መካከል ግን 15.7 በመቶ። በዚያ ጥናት እንደተወለዱ ደረት ላይ የተደረጉት ሕፃናት እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እዚያው ክፍል ውስጥ አልጋ ነበራቸው። እናቲቱ ካልቻለች ሌላ የቤተሰብ አባል ይተካታል።

ወላጅን ማስተማርም ዋጋ አለው። ነርስ ተመራማሪዋ በርናዴት ሜልኒክ በ2006 ባሳተሙት በ260 ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የሕፃኑን ጠባይና የራሳቸውን ድርሻ አስቀድመው የተማሩ እናቶች ጭንቀታቸው ቀንሷል፤ ሕፃናቱም ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በአማካይ ወደ 4 ቀን ያህል ቀድመው ወጥተዋል።

ማሞቂያ ማሽን የማያቋርጥ መብራት፣ መለዋወጫና የሚጠግነው ባለሙያ ይፈልጋል። ኦክስጅን፣ መድኃኒትና ሠልጣኝ ነርስም የግድ ናቸው፤ የእናት ደረት እነዚህን አይተካም። ነገር ግን ከገጠር ቀበሌ መጥታ የወለደች እናት የምታድርበት ካጣች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ልጇ ብቻውን ይቀራል፤ ጡቷም ሊደርቅ ይችላል።

ስለዚህ ከተሰበሰበው ገንዘብ ላይ ድርሻ ተነሥቶ፣ ለምንልከው እያንዳንዱ ማሞቂያ ለእናቲቱ አንድ አልጋ ወይም ደገፍ የሚሉበት ወንበር እንዲገዛ እጠይቃለሁ። ሕፃኑ የሚታሰርበት ጨርቅና ኮፍያ እዚያው በከተማችን ልብስ ሰፊዎች ሊሰፋ ይችላል። ውኃ፣ መጸዳጃና ለእናቶቹ የዕለት ምግብ ይታሰብ። ከሁሉ በፊት ግን ኮሚቴው ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩትን ነርሶች ስልክ ደውሎ ይጠይቅ፤ የሚጎድለውን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። የነርሶቹን ሥልጠና በሚመለከት እኔና ሌሎች በሙያው ያለን አባላት ጊዜያችንን ለመስጠት ዝግጁ ነን።

ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡበት።