ከባድ መኪናና ብስክሌት በአንድ መንገድ
ለከባድ መኪና አሽከርካሪ ተመራቂዎች የቀረበ የምረቃ ንግግር

ጭነት የያዘ ባለተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ሊመዝን ይችላል። ብስክሌተኛ ግን ከነብስክሌቱ ብዙ ጊዜ አንድ ኩንታል አይሞላም። ሁለቱ በአንድ አስፋልት ላይ ሲገናኙ ስህተቱ የማንም ይሁን የማን፣ አካሉ የሚጎዳው ብስክሌተኛው ነው። በር የለውም፣ ቀበቶ የለውም፣ ከብረቱ የሚለየው ልብሱ ብቻ ነው። ስለዚህ መንገድን በጋራ የመጠቀም የመጀመሪያው መርህ ከዚሁ የክብደት ልዩነት ይነሣል፤ የበለጠ ጉዳት ማድረስ የሚችል የበለጠ ይጠነቀቃል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለችው የመንገድ ደንብ ይህንኑ መርህ በግልጽ አስፍራዋለች።

በከባድ መኪናና በብስክሌት መካከል የሚደርሰው አደጋ በአብዛኛው ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ካለማየት የሚመጣ ነው። ሹፌሩ ከፍ ባለ ጋቢና ውስጥ ስለሚቀመጥ ሩቁን አሻግሮ ያያል፤ ቅርቡን ግን መኪናው ራሱ ይከልልበታል። ከፊት መከላከያው ሥር፣ ከሁለቱ በሮች በታችና ከተሳቢው ኋላ ያለው ቦታ ከዓይኑ የተሰወረ ነው። መሪው በግራ በሆነበት አገር፣ እንደ ኢትዮጵያ፣ ትልቁ ስውር ቦታ በቀኝ በኩል ይገኛል። ብስክሌተኛውም የሚሄደው በዚያው በቀኝ ጠርዝ ነው። ስፖኪዮ ክፍተቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ አቧራ የለበሰ ወይም ከቦታው የተዛነፈ ስፖኪዮ ደግሞ የሌለ ያህል ነው።

ይህ ስውር ቦታ ከሁሉ የሚከፋው በቀኝ መታጠፊያ ላይ ነው። ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ይሰፋል፤ ካልሰፋ የኋላ ጎማው እግረኛ መንገዱ ላይ ይወጣል። ከኋላ የሚመጣው ብስክሌተኛ ግን መኪናው ወደ ግራ የሚሄድ ወይም መንገድ የለቀቀለት ይመስለውና በተከፈተው ክፍተት ይገባል። የኋላ ጎማዎች የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ቆርጠው ያልፋሉ። ክፍተቱ ከፊት ሰፊ ሆኖ ይጀምርና ከኋላ ይዘጋል። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፦ ፍሬቻ ቀድሞ ማብራት፣ ፍጥነት መቀነስ፣ የቀኙን ስፖኪዮ ከመታጠፍ በፊትና በመታጠፍ ላይ እያሉ ደጋግሞ ማየት፣ ጥርጣሬ ካለም መቆም። ረዳት ካለ በቀኝ መስኮት አይቶ ለሹፌሩ መንገር ከሥራዎቹ አንዱ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው አደገኛ ጊዜ መቅደም ነው። 18 ሜትር የሚረዝም ባለተሳቢ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌተኛን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለፍ ከ3 ሰከንድ በላይ ይወስድበታል። በዚያ ጊዜ ብስክሌተኛው ጉድጓድ ሊሸሽ ይችላል፤ መኪናው የገፋው አየርም መጀመሪያ ያርቀውና ቀጥሎ ወደ ተሳቢው ይስበዋል። በርካታ አገሮች ቢያንስ 1.5 ሜትር የጎን ርቀት እንዲጠበቅ የሚያዝዙት በዚህ ምክንያት ነው። መንገዱ ይህን ርቀት የማይሰጥ ከሆነ ጊዜው የመቅደሚያ አይደለም፤ ከኋላ የመከተያ ነው። ጋቢናው ስላለፈ ብቻ ወደ ቀኝ መመለስ ብስክሌተኛውን በተሳቢው ጎን ያጣብቀዋል። ክላክስም ከሩቅና በአጭሩ ሲነፋ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አጠገብ ደርሶ ሲነፋ ግን አስደንግጦ ይጥላል።

ፍጥነት እነዚህን ሁሉ ያባብሳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ባለው አንድ ሰከንድ ብቻ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ግፊት የሚሠራ በመሆኑ፣ አየሩ እስከ ኋላ ጎማዎች እስኪደርስ ተጨማሪ ቅጽበት ያልፋል።

ብስክሌተኛውም የራሱ ግዴታ አለበት። የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ማየት ካልቻለ፣ ሹፌሩም እርሱን እንደማያየው ማወቅ አለበት። በቆመ ከባድ መኪና ቀኝ ጎን ሾልኮ መግባት፣ በተሳቢ ላይ ተንጠልጥሎ ዳገት መውጣት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳት ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። በአዲስ አበባ ከባድ መኪኖች በቀን በተወሰኑ ሰዓታት እንዳይንቀሳቀሱ ስለሚገደቡ ብዙዎቹ የሚጓዙት በማታ ነው። ስለዚህ የፊትና የኋላ መብራት፣ አንጸባራቂና ደማቅ ልብስ ለማታ ብስክሌተኛ እንደ ፍሬን ሁሉ አስፈላጊ ናቸው።

ጥንቃቄ በሰው ብቻ አይቆምም፤ መኪናውንም መለወጥ ይቻላል። በለንደን እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 ከባድ መኪኖች በከተማዋ ከተነዳው ርቀት 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ቢሸፍኑም፣ ብስክሌተኞች በሞቱባቸው ግጭቶች ውስጥ ግን ድርሻቸው 63 በመቶ ነበር። ከተማዋ ከ12 ቶን በላይ የሆኑ መኪኖችን ሹፌሩ በቀጥታ በሚያየው ስፋት መጠን በኮከብ መመደብ ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህም ዝቅተኛውን ደረጃ የማያሟላ መኪና የደኅንነት መሣሪያ ካልገጠመ ፈቃድ አያገኝም። የለንደን ፖሊስም ብስክሌተኞችን ጋቢና ውስጥ እያስቀመጠ፣ ከሹፌሩ ወንበር የማይታየውን ቦታ በዓይናቸው እንዲያረጋግጡ አድርጓል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከ3.5 ቶን በላይ የሆኑ ተሽከርካሪዎች ስውር ቦታቸውን የሚያመለክት ምልክት እንዲለጥፉ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚመዘገቡ ከባድ መኪኖች በጎናቸው ያለን ብስክሌተኛ ለሹፌሩ የሚጠቁም መሣሪያ እንዲኖራቸው ያዝዛል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ብስክሌትንና ከባድ መኪናን በመስመር መለየት ነው። ባሕር ዳር ሜዳማ በመሆኗ ብስክሌት ተማሪውንም ሠራተኛውንም ሲያመላልስ የኖረባት ከተማ ናት፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። ሆኖም መስመሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወይም አደባባይ ላይ ሲደርስ ብስክሌተኛውና መኪናው መልሰው ይገናኛሉ። ከከተማ ውጭ ባለው አውራ ጎዳናም የተለየ መስመር እምብዛም የለም። በእነዚያ ቦታዎች ከለላው የሹፌሩ ትዕግሥት ነው።

ከባድ መኪና የአገር ኢኮኖሚ የሚንቀሳቀስበት መሣሪያ ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ማዳበሪያ፣ ነዳጅና እህል ለገበሬውና ለከተሜው የሚደርሰው በሹፌሮች ድካም ነው። ሙያው ክብር ይገባዋል። ክብሩም በተጫነው ኩንታልና በተሸፈነው ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን፣ በመንገዱ ጠርዝ የሚሄደው ሰው በሰላም ቤቱ በመግባቱም ይለካል። ዛሬ የምስክር ወረቀታቸውን የሚቀበሉ አሽከርካሪዎች ማለዳ ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት ስፖኪዮአቸውን ይጥረጉ፤ ከመታጠፋቸው በፊት ቀኛቸውን ይዩ፤ 1.5 ሜትር የማያገኙበት ቦታ ላይ ይታገሡ። እንኳን ለዚህ ቀን አበቃቸው፤ መንገዳቸው ለራሳቸውም አጠገባቸው ለሚጓዘውም የሰላም ይሁን።