የሌለችው ፍጡርና ያለው ቆሻሻ
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ፎቶግራፍ ልናወጋችሁ ወደናል። ፎቶግራፍ በሬዲዮ አይታይምና እኛ በቃል እንገልጸዋለን፤ እናንተም በሐሳባችሁ ተከተሉን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በፎቶግራፉ ላይ ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ፍጡር ትታያለች። በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች ስለ እንዲህ ያለች ፍጡር ብዙ ተረት አላቸው። ይህች ግን ያለችው ውሃ ውስጥ አይደለም። ዙሪያዋን የከበባትና ከሩቅ ሲያዩት ሞገድ የሚመስለው ነገር፣ ቀረብ ሲሉ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ እኛ «ሃይላንድ» የምንለው ነው።

ሥራው በ2016 በካናዳዊው የፎቶግራፍ ባለሙያ በቤንጃሚን ቮን ዎንግ የቀረበ ነው። 10,000 የፕላስቲክ ጠርሙሶች በበጎ ፈቃደኞች እገዛ ተዘጋጅተው መሬት ላይ ተደርድረዋል። ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። ባለሙያው እንዳሰሉት አንድ አሜሪካዊ በዓመት በአማካይ 167 ጠርሙስ ይጠቀማል። ይህ በ60 ዓመት ሲባዛ ከ10,000 ያልፋል። እንግዲህ በፎቶግራፉ የምናየው «ባሕር» አንድ ሰው በዕድሜው ጠጥቶ የሚጥለው ማለት ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «የሌለች ፍጡር ፎቶግራፍ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፍጡሯ የለችም፤ እኛም አለች አንልም። ጠርሙሶቹ ግን አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደሚገምተው፣ በየዓመቱ ከ19 እስከ 23 ሚሊዮን ቶን የፕላስቲክ ቆሻሻ ወደ ወንዞች፣ ሐይቆችና ባሕሮች ይገባል። ፕላስቲክ እንደ ቅጠል አይበሰብስም፤ እየተሰባበረና እየደቀቀ በዓሣ ሆድ ውስጥ ይገባል። የባሕር ኤሊ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ፌስታል ምግቧ መስሏት ትውጠዋለች። ይህን ሁሉ ሰምተን እንረሳዋለን፤ ዓይናችን አላየውምና። የፎቶግራፉ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የሌለውን አስመስሎ፣ ያለውንና ያላየነውን ያሳየናል።

ይኸው ባለሙያ በ2022 ወደ ጎረቤታችን ናይሮቢ መጥተው ሌላ ሥራ አቆሙ። ሦስት ፎቅ ያህል ከፍታ ያለው የውሃ ቧንቧ ነው፤ ከአፉ የሚወርደው ግን ውሃ ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩም ኪቤራ ከተባለው የከተማይቱ የድሆች መንደር የተሰበሰበ ነበር። መልእክቱን ሕፃን ልጅ እንኳ ይረዳዋል። ቤታችሁ በውሃ ቢጥለቀለቅ መጀመሪያ መወልወያ ትፈልጋላችሁ ወይስ ቧንቧውን ትዘጋላችሁ?

በዚያው ጉባኤ፣ መጋቢት ወር መግቢያ ላይ፣ የ175 አገሮች ተወካዮች የፕላስቲክ ብክለትን የሚያስቆም አስገዳጅ ስምምነት እንዲዘጋጅ ወሰኑ። ይሁን እንጂ በ2024 ቡሳን ላይ፣ ከዚያም በነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይ የተደረጉት ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበተኑ። ፎቶግራፍና ሐውልት ያሳያሉ እንጂ አንዲት ጠርሙስ አያነሱም።

«እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» የሚልም አይጠፋም። እስኪ የአዲስ አበባን ወንዞች እናስብ። የአቃቂ ወንዞች የከተማይቱን ቆሻሻ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የጣልነው ባሕር ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው። የሚደርሰው ከአዋሽ ከብቶቻቸውን የሚያጠጡ ወገኖቻችን ዘንድ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን እንናገር። ባለፈው ረመዳን ከመስጊዳችን ጀማዓ ጋር በአንድነት አፈጠርን። ሰው ሁሉ ታሸገ ውሃ ጠጣ። ባዶውን ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ሰብስበን «ጠዋት ቆራሌው ይወስደዋል» ብለን በር ላይ ተውነው። ሌሊት ዝናብ ጣለ። ለሱብሒ ስንመጣ ማዳበሪያዎቹ ተገልብጠዋል፤ የሚበዛው ወደ ቦዩ ገብቶ ከጎርፉ ጋር ሄዷል። በዚያች ቅጽበት ያ ፎቶግራፍ ትዝ አለን፣ አፈርንም። እንቅፋትን ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ክፍሎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። እኛ ግን ፆማችንን ፈትተን እንቅፋቱን ወደ ወንድሞቻችን ላክነው። በየብስና በባሕር ለሚታየው ጥፋት የሰው እጅ ሥራ ምክንያት መሆኑን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሩም ሲያስገነዝበን፣ ያ እጅ የሌላ ሰው እጅ ብቻ ይመስለን ነበር።

ከዚያ በኋላ በኮሚቴያችን ተመካከርን። ለሚመጣው ረመዳን፣ ኢንሻአላህ፣ ውሃ በጀሪካን ይቀዳል፤ ኩባያም ከየቤታችን ይዘን እንመጣለን፤ አጥቦ መመለስ የወጣቶቹ ድርሻ ይሆናል። ነገሩ ትንሽ ነው። ባሕሩን አያጸዳም፣ አዋሽንም አያጠራውም። ነገር ግን ከዚያ ትልቅ ቧንቧ አንዱ ቀጭን መስመር የሚያልፈው በእኛ በር ነውና፣ እርሱን መዝጋት የእኛ ፋንታ ነው። እናንተም በየሰፈራችሁ፣ በየሠርጉና በየለቅሶው፣ በእናንተ በር የሚያልፈውን መስመር ፈልጉ። ለገበያ ስትወጡም ዘምቢላችሁን አትርሱ።

አላህ የሰማነውን የምንሠራበት ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።